ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው፣ መቀመጫ ፈልጊና ተቀመጪ።

ፖስታው ሳይታሸግ ነው የሚደርስሽ። መናኸሪያ ሄጄ ለድሮ የሥራ ጓደኞቼ፣ ለየመስመሩ ሹፌሮች፣ ከፎቶሽ ጋር አንዳንድ ቅጂ ሰጥቻቸዋለሁ። ለማን እንደሚያደርሱት እንዲገባቸው ቢያነቡት ይሻላል ብዬ አላሸግኩትም። አንቺ እጅ እስኪገባ ስንት ሹፌርና ስንት ረዳት እንደሚያነበው እንጃ። ያንብቡት። አባትሽ ማፈር ከተወ ቆየ። ስልክሽ አይሠራም፣ ያ ከተማሽም ተዘግቷል፣ ከዚህ ሌላ የቀረኝ መንገድ የለም።

መንገድ ላይ የሚያነቡት ሰዎች እንዳይወዛገቡ፣ አንቺም ነገሩን እኛ እንዳየነው አድርገሽ እንድትሰሚው፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የንድፍ ቢሮው ሠራተኛ ሲቀንስ ቀድሞ ያሰናበተው አንቺን ነበር። ስትነድፊበት የኖርሽውን ኮምፒውተር በስንብት ክፍያሽ ገዝተሽ መጣሽና ጓዳ ገብተሽ በሩን ዘጋሽ። እናትሽ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትወጣ እዚያው ነሽ። እጇ በበረኪና ተልጦ ስትመለስም እዚያው ነሽ።

«ልጄ፣ ሥራ ፈልጊ እንጂ። ጨዋታ ሆድ አይሞላም» አለችሽ አንድ ቀን።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አሠሪሽ ማነው ታዲያ?»

«ብዙ ናቸው። አላውቃቸውም።»

«የማታውቂው ሰው ነው የሚከፍልሽ?» ብላ ወደኔ ዞረች። «ሰማህ የልጄ አባት? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ጎረምሶች ፍሪጅ ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ። እናትሽ «ቤት ተሳስታችኋል፣ የኛ አይደለም» ብላ ልትመልሳቸው ስትል አንቺ ከጓዳ ወጥተሽ ፈረምሽ። ሦስታችንም ሳሎን መሃል ቆመን፣ አዲስ ሙሽራ እንደገባ ሁሉ፣ ፍሪጁን ዝም ብለን አየነው። «በይ እንግዲህ፣ ላሚቱ ታለበች» አልኳት እናትሽን። ሳቋን ልታምቅ ሞክራ አቃታት።

ወንበር አስጠግተሽ ያሳየሽን ያን ቀን ነው። በኮምፒውተር ብቻ የሚገባበት ከተማ። መንገድ አለው፣ አደባባይ አለው፣ ሱቅ አለው። በየአገሩ ያለ ሰው ቤቱ ተቀምጦ አምሳያውን ይልክበታል። አምሳያው ይራመዳል፣ ያወራል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። አንቺ ለነዚያ ሰዎች ቤት ትሠሪያለሽ፣ እነሱ ካንቺ ይከራያሉ፣ ኪራዩን በከተማው ሳንቲም ይከፍሉሻል። የከተማው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ደግሞ ሳንቲሙን በእውነተኛ ገንዘብ ይመነዝርልሻል።

«ቤቶቹ ዝናብ ያስገባሉ?» አልኩሽ።

«እዚያ ዝናብ የለም አባዬ።»

«ታዲያ ጣሪያው ለምንድን ነው?»

እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። «ጣሪያ የሌለው ቤት ማንም አይከራይም። ሰው እኮ የትም ቢሄድ ሰው ነው» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ከተማ ውስጥ መጠሪያሽን «ጣሪያ» አደረግሽው። የትም ስትሄጂ ከአምሳያሽ ራስ በላይ ተጽፎ ይታያል።

ጉልበቴ ፍሬን መርገጥ እምቢ ብሎኝ ጡረታ ስወጣ ቤት ውስጥ እንደታሰረ ውሻ መዞር ጀመርኩ። አንድ ጠዋት «አባዬ፣ ሥራ አግኝቼልሃለሁ» አልሽኝ። ያ ከተማ አውቶቡስ ነበረው፣ ሹፌርም ይቀጥር ነበር። ለካ ሰው መብረር በሚችልበት ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ተሳፍሮ በመስኮት ማየት የሚወድ ሞልቷል። መሪ የለውም፣ በአራት ቀስት ነው የሚነዳው። በመጀመሪያው ቀን ከነተሳፋሪዎቼ ፏፏቴ ውስጥ ከተትኩት። አንቺና እናትሽ ግድግዳ ተደግፋችሁ ስትስቁ እኔ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እላለሁ፣ በማይሰሙት ቋንቋ።

እየዋለ እያደር ግን ለመድኩት። ሌሎቹ ሹፌሮች ፌርማታ ዘለው ያልፋሉ፣ እኔ እየሮጠ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ደሞዙ ከሻይና ከስኳር አያልፍም ነበር፣ ግን የላቤ ነው። እናትሽ «ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል። ይሄ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይደክማል!» እያለች ሻይ ታስጠጋልኛለች። አንቺ በአንዱ ኮምፒውተር ግድግዳ ታቆሚያለሽ፣ እኔ በሌላኛው መንገደኛ አደርሳለሁ። ልጄ፣ ከዚያ ጊዜ የሚበልጥ ጊዜ አልነበረኝም። ያኔ ነግሬሽ አላውቅም።

አክስትሽ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። የእናትሽ ታናሽ እህት ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ፀጉር ቤት ቆማ የሠራች ናት። የራሷን ለመክፈት ያጠራቀመችውን ይዛ መጥታ «ለኔም እዚያ መሬት ግዢልኝና አከራዪልኝ» ስትልሽ እኔም ነበርኩ።

«አክስቴ፣ ይሄ የላብ ሥራ ነው። አስቀምጠውት የሚወልድ ነገር አይደለም» አልሻት።

«የእህቴ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ለባዳ ቤት ትሠሪያለሽ፣ ለኔ ሲሆን ትሰስቻለሽ?»

ስትለምንሽ ከረመች። እምቢ ስትይ ከረምሽ። በመጨረሻ አንጀትሽ አልችል አለ። ገዛሽላት፣ ሠራሽበት፣ አከራየሽላት፣ ዓመት ሙሉም ኪራይዋን ሳታጓድይ ሰጠሻት። ለራሷ ፀጉር ቤት የሚሆን ክፍል ተዋውላ፣ መስታወት መርጣ፣ የግድግዳውን ቀለም እያማከረችሽ ነበር።

ማስታወቂያው የመጣው ያኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የከተማው ሳንቲም ወደ ውጭ ገንዘብ አይመነዘርም አለ። አንድ መስመር። የአንቺም የአክስትሽም ገንዘብ እዚያው ውስጥ ቀረ። አለ፣ ይታያል፣ አይወጣም። ለኩባንያው ጻፍሽ፣ ደግመሽ ጻፍሽ። «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» የሚል መልስ ይመጣል፣ ሁሌ ያው፣ ነጠላ ሰረዙ እንኳ ሳይለወጥ። ተከራዮችሽ አንድ በአንድ ወጡ። አንቺ ምግብ ዘጋሽ፣ ቃልም ዘጋሽ።

አክስትሽ በምሳ ሰዓቷ ሽርጧን ሳትፈታ መጣች። ተቀመጪ ብንላት አልተቀመጠችም።

«የኔስ?» አለችሽ።

«እዚያው አለ አክስቴ። አልጠፋም። ማውጣት ነው ያቃተኝ።»

እጆቿን ዘረጋችልሽ። ጣቶቿ በፀጉር ቀለም ጠቁረዋል፣ አንጓዎቿ አብጠዋል። «እኔ እኮ ፀጉር የሠራሁት በሌለ እጅ አይደለም» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

በማግሥቱ «ያን መንጋጋ ጥርሴን ላስነቅል ነው» ብለሽ ወጣሽ። እናትሽ እንዴት ደስ እንዳላት! ያን ጥርስ አስነቅዪ ብላ ስትጨቀጭቅሽ ዓመት አልፏታል። ስትመለሺ የምትበይውን ለስላሳ ምግብ አዘጋጅታ ጠበቀችሽ። አልመጣሽም። መናኸሪያ ያለው ቲኬት ቆራጭ ነው በኋላ የነገረኝ፣ ወደ ድንበር የሚሄደው አውቶቡስ ላይ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘሽ፣ ጉንጭሽን በእጅሽ ደግፈሽ ተሳፍረሻል አለኝ።

ያልጠየቅነው ሰው የለም። ሲያቅተን እኔ ወደዚያ ከተማ ተመለስኩ። ደሞዝ ቀርቷል፣ ሹፌሮቹ አብዛኞቹ ሄደዋል፣ ግን አውቶቡሱ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን የሠራሻቸውን ቤቶች ለማየት ትመጪ ይሆናል አልኩ። የመስመሬ መጨረሻ ፌርማታ እነሱ ጋ ነበርና። በየፌርማታው ከተሳፋሪው ራስ በላይ የተጻፈውን ስም አነባለሁ። «ጣሪያ» የሚል የለም። ቀን በቀን ተሳፋሪው ሳሳ። በኋላ ባዶ አውቶቡስ ይዤ ባዶ መንገድ ላይ መሄድ ሆነ።

ያኔ ነው አንዲት ሴት ከአደባባዩ የተሳፈረችው። ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፣ ከራሷ በላይ ስም የለም። ሄዳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዳ ወደ ቤቶችሽ አቅጣጫ ሄደች። በማግሥቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን «እንደምን ዋልሽ?» አልኳት በኮምፒውተሩ ማይክ። ራሷን ነቀነቀች።

በቋንቋችን ነው ያናገርኳት።

«ልጄ ነሽ?» አልኩ።

ነቀነቀች።

እናትሽን ጮኼ ጠራኋት። ልቧ ደክሞ፣ እግሯ አብጦ አልጋ ይዛ ነበር። አንቺ ይህንንም አታውቂም። ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ትራስ ከጀርባዋ አደረግሁላት፣ ማይኩን አፏ ጋ ያዝኩላት። ብዙ ተናገረች። ሴትየዋ ቃል አልመለሰችም፣ ግን እናትሽ ትንፋሽ ለመሳብ ዝም ባለች ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች።

«አየህ? አየህ? ነቀነቀች! ሰምታኛለች» አለችኝ ክንዴን ይዛ።

«ለምን አትናገርም ታዲያ?»

«አፍራ ነዋ። ተዋት፣ አታስጨንቃት። መምጣቷ ይበቃል።»

ከዚያ በኋላ ከምሳ ወዲያ ያለው ሰዓት የእናትሽ ሆነ። ፀጉሯን አበጥራ ነበር የምትጠብቅሽ። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ ሲላት «ቀጠሮ አለኝ» አለችው። አንድ ረፋድ ላይ ውሃ ላቀብላት ስገባ «ልጄን አነጋግሬያለሁ፣ ሌላ ምን ቀረኝ» አለችኝ። ውሃውን አልጠጣችውም።

እናትሽ ሞታለች፣ ልጄ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ጀርባሽን የሚይዝልሽ ዘመድ ኖሮ ነበር የሚነገረው። አልሆነልኝም።

ከቀብሩ በማግሥቱ፣ ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሴትየዋ ከአደባባዩ ተሳፈረች። መሃል መንገድ ላይ አውቶቡሱን አቆምኩ። በሥራ ዘመኔ አድርጌው አላውቅም።

«እናትሽ አረፈች» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

«ትናንት ቀበርናት። ነይ በቃ። የሚቆጣሽ የለም።»

ነቀነቀች። አውቶቡሱን ሳስነሳ ቁጭ እንዳለች ነበረች፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወረደች፣ እንደወትሮዋ ሄደች። እናቷ ሞታ ራሷን ነቅንቃ የምትሄድ ልጅ! ከኋላዋ እየጮኽሁ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። የረገምኩት ልጄን መስሎኝ ነበር።

ከቀሩት ሹፌሮች አንዱ፣ መጠሪያውን «ዝሆን» ያደረገ፣ ጩኸቴን ሰምቶ ኖሮ አውቶቡሱን ከኔ ጎን አቆመ። የኛው ቋንቋ ተናጋሪ ነው። የት አገር እንደሚኖር አላውቅም።

«አባቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?»

«ከልጄ ጋር።»

«አባቴ፣ ያቺ ሰው አይደለችም» አለኝ። «ከተማው ባዶ እንዳይመስል ኩባንያው ያስቀመጣት አሻንጉሊት ናት። በየመስመሩ አሉ። የኔም አውቶቡስ ላይ አንዷ አለች፣ ካፖርቷም ያው ነው።»

«ሳናግራት ትነቀንቃለች እኮ!»

«ድምፅ ሲሰሙ እንዲነቀንቁ ተደርገው ነው የተሠሩት። ቢያስነጥሱም ትነቀንቃለች።»

በማግሥቱ ሞከርኩት። ማይኩን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ነቀነቀች።

ልጄ፣ ስንት ነገር አይቼ አርጅቻለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ያለ አላየሁም። አንቺን በማጣቴ አለቀስኩ፣ ባልሠራሽው ረግሜሽ ስለነበር አለቀስኩ። ደግሞ እናትሽ ሳታውቀው በመሄዷ ተመስገን አልኩ፣ ያንኑም ብዬ አፈርኩ። ያቺ ምስኪን እስትንፋሷን ቆጥባ፣ ቃላቷን መርጣ፣ ለካፖርት ተናግራ ሞተች።

ከተማው ባለፈው አርብ ተዘጋ። መዝጊያው እኩለ ቀን ነው ተብሎ ስለነበር ቀድሜ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አትጠይቂኝ። ከአደባባዩ አሻንጉሊቷ ተሳፈረች። ሌላ ሰው የለም። ዝም ብዬ ነዳሁ፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። ድልድዩን ተሻግረን የቤቶችሽ ጣሪያ ከሩቅ ሲታይ የኮምፒውተሩ መስታወት ጥቁር ሆነ። ቀስቶቹን ብጫን ብጫን ምንም የለም። ራሴን ብቻ ነው ያየሁት፣ መስታወቱ ላይ።

አሁን እናትሽ ለዚያች አሻንጉሊት የነገረቻትን ልጻፍልሽ፣ የነገረችው ላንቺ ነውና። የያዝኩትን ያህል፣ እሷ እንዳለችው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ጥርስሽን አስነቀልሽው? ያላስነቀልሽው ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂ፣ መርፌው ከቁንጫ ንክሻ አይብስም። ብርድ ልብስ አለሽ? ክፍልሽን እርጥበት የሌለበት አድርጊው። አክስትሽን ለኔ ተይልኝ፣ እኔ እችላታለሁ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስችላት ነው የኖርኩት። ያን ሥራሽን ጨዋታ ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራ ነው። ሥራ ባይሆን ኖሮ እንደዚያ አያደክምሽም ነበር፣ ከኔ ጋር እኩል ነበር የምትደክሚው፣ አያለሁ እኮ። አባትሽ ሌሊት ያስላል፣ መድኃኒት ውሰድ ብትይው አንቺን ይሰማሻል። እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ብቻ ነው። አትሩጪ፣ ቀስ ብለሽ ነይ። ግን ነይ።»

ይሄው ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትጨምርበት ነበር፣ መጀመሪያው ግን ሁሌ ጥርሱ ነው።

አክስትሽ የተዋዋለችው ክፍል ለሌላ ሰው ተከራይቷል። አሁንም ሰው ቤት ቆማ ትሠራለች። እናትሽ የሞተች ዕለት መጥታ ሁሉንም ሰው ከክፍሉ አስወጣች። የእህቷን ፀጉር አጠበች፣ አደረቀች፣ ሠራች። ስትጨርስ በሩን ከፍታ «ግቡ» አለች። እናትሽ እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ስነግራት እንዲህ አለችኝ፦

«አልማርኳትም። እንዳትዋሻት፣ ይሄንን ጻፍላት። ግን ትምጣ።»

ጻፍኩልሽ። እኔም ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ነይ፣ እንደድሮው እንሆናለን ብዬ አልዋሽሽም። እንደድሮው አንሆንም። የተረፈው አንድ ሽማግሌና ሁለት የጠፉ ኮምፒውተሮች ናቸው። የምትመጪው ለዚህ ነው። ባትመጪም አልፈርድብሽም። የማልችለው ዝምታሽን ነው። ግድግዳውን ሳናግር፣ ወንበሩን ሳናግር እየዋልኩ ነው፣ እየፈራሁም ነው።

ይህ ወረቀት ደርሶሽ ከሆነ አንድ ቃል መልሺልኝ። ስድብም ቢሆን።

አባትሽ